የመረቡ ድንጋይ

ሽንብጥ ሜዳ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት፣
ሰማንያኛው ደቂቃ፣ አንድ ለአንድ ውጤት፣
አንዱ የጎል ቋሚ ብረት፣ ሌላው የባሕር ዛፍ እንጨት፤
ከበስተጀርባችን ጣና ተኝቶ፣
እምቦጩን እንደ ጋቢ እስከ አንገቱ ጎትቶ።

እኔ ስድስት ቁጥር፣ አምበል፣ ተከላካይ፣
ኳሷ ስትመጣ ከነፋሱ በላይ፣
ዘለልሁ፤ አልደረስሁም፤ እጄ ግን ደረሰ፣
በጣቶቼ ጫፍ፣ እንደ ዋዛ፣ ኳሷን ዳሰሰ።

ፊሽካ።
እንየው ጣቱን ወደ ኖራዋ ነጥብ ቀሰረ፤
ያን ጊዜ አፌ ከእጄ ይልቅ ደፈረ።
“እጅ? የማን እጅ? በሕግ አምላክ!” አልሁ፣
ደረቴን ነፍቼ ፊቱ ቆሜ ማልሁ።
ሯጭ ሌባ የሚያቆም የአባቶችን ቃል፣
(በሕግ አምላክ ሲባል እግር ይታሰራል)
ዋሽቼ ጮኽሁበት። ሜዳው አስተጋባ፦
“ቀጣፊ! ጉቦኛ! አንተ የዳኛ ሌባ!
ሂድ መረብህን ጣፍ! ሂድ አሳህን ግፈፍ!”
(እንየው በሌላው ቀን አሳ ማኅበር ደጃፍ
መረብ ጠጋኝ ነው፤ ክንዱ ላይ ቅርፊት አይጠፋበትም፣
ምን ቢታጠብ እንኳ ቀረሶ ቀረሶ መሽተቱ አይቀርም።
ፊሽካውንም ቢሆን ማንም አልሰጠውም፤
በገዛ ገንዘቡ ነው፤ ይህን አንሰማውም።)

ከዚያ አንዲት ድንጋይ፣ ከማን እጅ እንደሁ እግዜር ይወቀው፣
መጥታ ቅንድቡን ሰነጠቀችው።
አልጮኸም። ፊሽካውን ከአንገቱ አወለቀ፣
በመሐረብ ጠቅልሎ፣ ሜዳውን ለቀቀ።

እኔን በትከሻ አዞሩኝ፣ እንደ ጀግና፤
እጄን ኪሴ ከተትሁ፣ የኳሷ ጭቃ አለበትና።

በሳምንቱ እሑድ ዳኛ የሚባል ጠፋ።
“ያለ እሱም ይሆናል” አልን በተስፋ።
አንዷን የእጅ ውርወራ ሃያ ደቂቃ ተሟገትን፣
“የኛ ናት!” “የኛ ናት!” በላ ልበልሃ ገጠምን፣
ሁሉም ከሳሽ ሆኖ፣ ሁሉም ምስክር፣
የሚፈርድ ጠፍቶ ከዚያ ሁሉ አገር።
ኳሷም ሰልችቷት መሰል ተንከባልላ ገባች፣
እምቦጩ መሐል እንደ ቅል ተንሳፈፈች፤
ያወጣት የለም፤
“ማን ይዋኝ?” በሚለውም አልተስማማንም።

ሰኞ በጠዋት ድንጋይዋን ከሣሩ ሥር ፈልጌ፣
እንደ ጥንቱ ወግ፣ እንደ በዳይ፣ አንገቴ ላይ አድርጌ
ሄድሁ። ከቡጢ አትበልጥም፤ ግን ባጃጆች ክላክስ እያሉ
አንገቴን ሰበረችው፣ በመንገዱ ሁሉ።

እንየው ቀና አላለም። ክሩን በጥርሱ ነክሶ፣
የቅንድቡ ፕላስተር በላብ ርሶ፣
“ነክቶህ ነበር?” አለኝ።
“ነክቶኝ ነበር” አልሁ።
ድምፄን ስሰማው እኔው ራሴ ደነገጥሁ።

“አላየሁም እኮ” አለኝ፣ መርፌውን ሰክቶ፣
“ነጸብራቁ ዓይኔን ከሐይቁ ላይ መትቶ፣
እጅህን አላየሁም። ያየሁት ፊትህን ነው፣
ከጩኸትህ በፊት፣ ቅጽበት ያህል፣ ያፈረው።
በዚያ ፈረድሁ። ልክ ነው? እንጃ።
ዳኛ እኮ ሰው ነው፤
እግዜር ቢሆንማ መረብ ለምን ይጥፋል?”

“ድንጋይዋንስ?” አልሁት። ተቀበለኝ፣ መዘናት፣
“ለመረቡ ግርጌ ልክ የምትሆን ናት።”
ጣና ሆድ፣ ጭቃው ውስጥ፣ ከአምባዛዎች ጋራ፣
አሁን እሷም አላት የምታድርበት ሥራ።

ትናንት ተመለሰ፣ ጠባሳውን ይዞ።
ንጹሕ ኳስ ነጠቅሁ፤ ነፋብኝ፤ ክንዱ ወደኔ ተመዝዞ።
ዛሬ ተሳሳተ። ዛሬ አልነካሁም።
ጸሐይ ይሆን ዓይኑን? እንጃ፣ አልጠየቅሁም።
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አሳ እሾህ ቆመ፤
ከዳር ያለው ሁሉ አፌን አፌን እያየ ዝም አለ፣
አንዲት ቃል ብወረውር ድንጋይ ሊያስከትል የተዘጋጀ እጅ አለ።

ኳሷን አነሣሁ። እሱ ያሳየኝ ቦታ አስቀመጥኋት፣
ነፋሱ እንዳይወስዳት በጫማዬ ጫፍ ጥቂት ቆፍሬ፣
ወደ ኋላዬ ሄድሁ፣ ዝም ብዬ፣ አሥር እርምጃ ቆጥሬ።